ስለ ሐሺሽ መዓዛና በጎጃም ደጋ ስለሚገኙ ባለ መልካም ሽታ ዕፅዋት

የምድሩን ሀብት የማያውቅ ሰው በገዛ ጓሮው የበቀለውን እየረገጠ በሩቅ አገር የበቀለውን ይመኛል። ይህ ነገር በአንድ ሰው ላይ ሲታይ ሞኝነት ይባላል፤ በአገር ላይ ሲሆን ግን ድህነትን ያመጣል። ዛሬ በውጭ አገር ስለ ሐሺሽ መድኃኒትነት፥ ይልቁንም ስለ ሽታው ጠቃሚነት፥ የሚነገረው ብዙ ነው። ወሬው በስልክና በጋዜጣ ወደ ደብረ ማርቆስና በዙሪያው ወዳሉት ወረዳዎች መድረሱ ስለማይቀር፥ አገር የሚያስተዳድሩና መሬት የያዙ ሰዎች እውነቱን ከሐሰቱ ለይተው ሊያውቁት ይገባል። ዋናው ነገርም ይህ ነው፤ የሐሺሽ መዓዛ የሚመሰገንበት ነገር ለሐሺሽ ብቻ የተሰጠ ሳይሆን፥ ሕግ በማይከለክላቸው በብዙ ዕፅዋት ውስጥ በጎጃም ጓሮ፥ ተራራና ገበያ ይገኛል። ስለዚህ ሹማምንት ሊደክሙለት የሚገባው የተፈቀደውን መጠበቅና ማልማት እንጂ የተከለከለውን ማስገባት አይደለም። (ከዚህ በታች ስለ ውጭ አገርና ስለ ሊቃውንት ሥራ የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሐሺሽ፥ በሊቃውንት ዘንድ ካናቢስ ተብሎ የሚጠራው፥ መሠረቱ ከእስያ የሆነ ተክል ነው። ከግንዱ ቃጫ ለገመድ ሲወጣ፥ ከፍሬውም ዘይት ሲጨመቅ ብዙ ዘመን ኖሯል። ወደ ኢትዮጵያም የገባው ትናንት አይደለም። ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ላሊበላ በሚባል ዋሻ፥ ይኸውም በላስታ ካለው ከታወቀው የአብያተ ክርስቲያናት ስፍራ የተለየ ነው፥ ቁፋሮ በተደረገ ጊዜ ሁለት የሸክላ የጋያ ራሶች ተገኝተው ነበር። በ1975 ዓ.ም. ቫን ደር ሜርቨ የተባሉ ሊቅ በራሶቹ ውስጥ የቀረውን ጥቀርሻ በኬሚስትሪ መርምረው የሐሺሽ ምልክት እንዳገኙበት ጻፉ። ዘመናቸውም 80 ዓመት ከፍ ወይም ዝቅ ቢል 1320 ዓ.ም. ገደማ መሆኑ ተገመተ። እንግዲህ ተክሉ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ነገር ግን የቆየ ሁሉ ጠቃሚ ነው ማለት እንዳይደለ፥ እንግዳ የሆነም ሁሉ ጎጂ ነው ማለት አይደለም። ነገሩ የሚፈረደው በዕድሜው ሳይሆን በምርመራ ነው።

በዚህ ተክል ውስጥ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች እንዳሉ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ራስን የሚያዞረውና የሚያሰክረው ነገር ነው። ይህን በ1964 ዓ.ም. የእስራኤል ሊቃውንት ራፋኤል መሹላምና የሐዪል ጋኦኒ ለይተው አወጡት፤ ስሙም በአጭሩ ቲ ኤች ሲ ይባላል። ሁለተኛው የሽታው ነገር ነው። ቲ ኤች ሲ በራሱ ሽታ የለውም ለማለት ይቻላል፤ ሽታውን የሚሰጡት ተርፒን የሚባሉ በቀላሉ የሚተንኑ ዘይቶች ናቸው። በሴቴው ተክል አበባ ላይ ራሳቸው እንደ ጠል ጠብታ የከበበ እጅግ ጥቃቅን ጠጕሮች አሉ፤ ዘይቱም የሚሠራው በእነዚህ ውስጥ ነው። ሊቃውንት እስካሁን በዚህ ተክል ውስጥ ከ100 የሚበልጡ የተርፒን ዐይነቶች ቆጥረዋል። በፖሊስ ቤት የሠለጠነ ውሻም የተደበቀ ሐሺሽ የሚያገኘው የሚያሰክረውን ነገር አሽትቶ ሳይሆን እነዚህን የሚተንኑ ዘይቶች አሽትቶ ነው። ስለዚህ ሽታው ሌላ፥ ስካሩ ሌላ ነው። ይህን መለየት ለዳኛም ለገበሬም ይጠቅማል።

አሁን እነዚህ ሽታዎች የት የት እንደሚገኙ በዝርዝር ይነገር። በሐሺሽ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚበዛው ሚርሲን የሚባለው ነው፤ እርሱም በጠጅ ሣር ውስጥ አለ። ደግሞ ፈረንጆች በቢራ ውስጥ የሚጨምሩት ሆፕ የሚባለው አበባ በዚሁ በሚርሲን የተሞላ ነው። ሆፕና ሐሺሽ በዘር አንድ ቤተ ሰብ ናቸው፤ ሆፕ ለቢራ የሚያደርገውን ሥራ በጎጃም ቤት ለጠላ የሚያደርገው ጌሾ ነው፥ ምንም እንኳ ጌሾ በዘሩ ከሁለቱም የራቀ ቢሆን። ሁለተኛው ሊሞኒን ነው፤ ይህም የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ ሲጨመቅ ዐይን የሚያቃጥለው ዘይት ነው። ሦስተኛው ፓይኒን ሲሆን በጥድ ቅጠልና በባሕር ዛፍ ቅጠል ይገኛል። አራተኛው ሊናሎል ነው፤ የጎጃም ባልቴት ቅቤ ስታነጥር የምትጨምረው ኮሰረት ከሁሉ አብልጦ የያዘው ይህን ነው፤ በበሶብላና በድንብላል ፍሬም ውስጥ ይገኛል። አምስተኛው ካሪዮፊሊን የሚባለው በቁንዶ በርበሬና በቅርንፉድ ውስጥ አለ። እንግዲህ በደብረ ማርቆስ ገበያ በቅመም ተራ የሚያልፍ ሰው በሐሺሽ ውስጥ የሚመሰገኑትን ዋና ዋና ሽታዎች ሁሉ በአንድ መንገድ ያሸታቸዋል፤ ማንም አይከሰውም፥ አይሰክርምም።

ስለ መድኃኒትነታቸው ሊቃውንት ምን አግኝተዋል ቢባል፥ ጥቂት የተረጋገጠ፥ ብዙ ተስፋ የሚሰጥ፥ ገና ያልተፈተነም ነገር አለ። በ2008 ዓ.ም. ካሪዮፊሊን በሰውነት ውስጥ ሐሺሽ ከሚነካቸው ሁለት በሮች በአንደኛው፥ ይኸውም ስካር በማያመጣው፥ እንደሚገባና በአይጦች ላይ እብጠትን እንደሚያበርድ ታወቀ። ስለዚህ በቁንዶ በርበሬ ውስጥ ያለው ነገር የሐሺሽን አንዱን በር ያለ ስካር ይከፍታል ማለት ነው። ሊናሎል በብዛት ያለበት የላቬንደር አበባ ዘይት በጀርመን አገር በ80 ሚሊግራም እንክብል ተዘጋጅቶ ጭንቀት ላለበት ሰው በመድኃኒት ቤት ይሰጣል፤ በብዙ ሕሙማንም ላይ ተፈትኗል። በ2024 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በ20 ጤነኛ ሰዎች ላይ በተደረገ ምርመራ፥ ሊሞኒን ከቲ ኤች ሲ ጋራ በእንፋሎት ሲሳብ ቲ ኤች ሲ የሚያመጣውን ፍርሃትና ጭንቀት እንደሚቀንስ ታይቷል። ሚርሲን በአይጦች ላይ እንቅልፍን እንደሚያበዛ ተጽፏል፤ ስለ ሰው ግን በቂ ማስረጃ የለም።

በዚህ ላይ አንድ ሐሳብ ተነሥቶ ነበር፤ ሽታዎቹና የሚያሰክረው ነገር አብረው ሲሆኑ ኀይላቸው ይበረታል፥ ስለዚህ ተክሉ በሙሉው ካልተወሰደ አይጠቅምም የሚል ነው። ኢታን ሩሶ የተባሉ ሐኪም በ2011 ዓ.ም. ይህን ሐሳብ አስፍተው ጽፈውታል፤ ነጋዴዎችም እጅግ ወደዱት። ነገር ግን በ2019 እና በ2020 ዓ.ም. በላቦራቶሪ በተደረጉ ፈተናዎች ዋና ዋናዎቹ ተርፒኖች ቲ ኤች ሲ በሚገባባቸው በሮች ላይ ያመጡት ለውጥ አልታየም። ስለዚህ ነገሩ ክርክር ያለበት እንጂ የተፈረደ አይደለም። ደግሞ በ2018 ዓ.ም. በአሜሪካ መንግሥት ከዚህ ተክል ወጥቶ ለከባድ የሕፃናት የሚጥል በሽታ የተፈቀደው መድኃኒት የማያሰክር፥ የነጠረ፥ በሚሊግራም የተመዘነ እንጂ ቅጠሉ እንዳለ የሚጤስ አይደለም። መድኃኒትን ከመርዝ የሚለየው ልኩ መሆኑን አባቶችም ያውቁ ነበር፤ የኮሶ መጠን በዛ ሲል ሰውን እንደሚጎዳ ያልሰማ የለም።

ስለ ሕጉ ክርክር የለም። በ1996 ዓ.ም. እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 ያለ ልዩ ፈቃድ አደንዛዥ ዕፅ መትከልን፥ ማዘጋጀትንና መነገድን በጽኑ እስራት ያስቀጣል። የዓለም መንግሥታትም በ1961 ዓ.ም. በተዋዋሉት ውል ሐሺሽን ከሚቆጣጠሩአቸው ዕፆች አግብተውታል። በታኅሣሥ 2020 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ጉባኤ በ27 ድምፅ በ25 ላይ ሐሺሽን እጅግ ከከበደው መዝገብ አወጣው፤ በዋናው የቁጥጥር መዝገብ ውስጥ ግን እንዳለ ተወው። አንዳንድ ሰዎች ይህን ሰምተው ሐሺሽ በዓለም ተፈቀደ ይላሉ፤ ይህ ስሕተት ነው። ለሕክምናና ለምርመራ ያለው በር ሰፋ እንጂ ገበሬ እንደ ጤፍ ይዝራው አልተባለም።

ሌሎች ደግሞ፥ ሌሶቶ በ2017 ዓ.ም.፥ ዚምባብዌም በ2018 ዓ.ም. ለመድኃኒት የሚሆን ሐሺሽ እንዲተከል ፈቅደዋልና የጎጃም ገበሬስ ለምን ይቀርበታል ይላሉ። ይህ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም፤ ጥማድ መሬት ይዞ ለማዳበሪያ ዕዳ ያለበት ሰው ዋጋው ከፍ ያለ ዘር ቢያስመኘው አይፈረድበትም። ነገር ግን በእነዚያ አገሮች ተክሉ የሚበቅለው በፈቃድ፥ በአጥር፥ በዘበኛና በላቦራቶሪ ነው፤ የመድኃኒት ኩባንያ የሚገዛውም ከዘር እስከ መከር የተመዘገበውን ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ወጪ የባለ ብዙ ገንዘብ ነጋዴ እንጂ የአንድ ጥማድ ባለ ይዞታ ዐቅም አይደለም። ያለ ፈቃድ የዘራው ገበሬ ግን ትርፉን ሳያይ ወኅኒ ይገባል፤ ዘሩን ያመጣለት ሰው ደግሞ ስሙም አይገኝም። አገር ጠባቂ ሹም ሊያስብለት የሚገባው ይህን ገበሬ ነው።

እንግዲህ ዐይንን ከተከለከለው መልሶ በእጅ ያለውን መቍጠር ይሻላል። ከደብረ ማርቆስ በስተ ሰሜን የጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ቆሟል፤ ከእርሱም የሚወርዱት ወንዞች ዓባይን ይመግባሉ። በኢትዮጵያ ደጋ ከ2,200 ሜትር ከፍታ በላይ የሚበቅለው ጦስኝ ከሌላው ዓለም የተለየ የዚህ አገር ተክል ነው። ዘይቱ ታይሞልና ካርቫክሮል የሚባሉትን ይዟል፤ እነዚህም ተሐዋስያንን እንደሚገድሉ በላቦራቶሪ ደጋግሞ ተረጋግጧል። ሰው ጦስኝን በሻይ አፍልቶ ለሳልና ለጉንፋን ይጠጣዋል። ዳማከሴም ለምች የሚታሸው በከንቱ አይደለም፤ በ2003 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች የቅጠሉ ጭማቂ በአይጦች ላይ ትኩሳትን እንደሚያበርድ አስታውቀዋል። ነጭ ባሕር ዛፍ ሲኒዮል የሚባለውን ዘይት ይዟል፤ በጀርመን አገር ይኸው ዘይት ነጥሮ በእንክብል ለአፍንጫና ለደረት ሕመም ይሸጣል። ጉንፋን የያዘው ሰው በጎጃም ቤት ራሱን ሸፍኖ የሚታጠነውም በዚሁ ቅጠል ነው።

የዕጣንም ነገር መረሳት የለበትም። የዕጣን ዛፍ በዓባይ ሸለቆ ቆላ ይበቅላል፤ ሙጫውም በቤተ ክርስቲያንና በቡና ላይ ይታጠናል። እነዚያው የሐሺሽን አስካሪ ነገር ለይተው ካወጡት አንዱ የሆኑት መሹላም ከባልንጀሮቻቸው ጋራ በ2008 ዓ.ም. በዕጣን ሙጫ ውስጥ ያለ ኢንሰንሶል አሲቴት የሚባል ነገር በአይጦች ላይ ጭንቀትን እንደሚያበርድ ጻፉ። ሊቁ ከሐሺሽ ተነሥተው ዕጣን ዘንድ መድረሳቸው ለዚህ አገር ትልቅ ትምህርት ነው። ነገር ግን በ2019 ዓ.ም. በታተመ ምርመራ፥ ከተጠኑት የዕጣን ዛፍ ስፍራዎች ከሦስት አራተኛ በሚበልጡት ውስጥ ወጣት ዛፍ ማደጉ ቀርቷል፤ ነገሩም እንዲሁ ከቀጠለ የዕጣኑ ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በእኩሌታ እንደሚቀንስ ተገምቷል። ምክንያቱም ከብት ችግኙን ስለሚበላው፥ እሳት ስለሚያቃጥለው፥ ዛፉም ያለ ልክ ስለሚደማ ነው። አገር ሀብቱን ያጣ እንደ ሆነ የሚያጣው አንዳንድ ጊዜ ጠላት ወስዶበት ሳይሆን ራሱ ሳይጠብቀው ቀርቶ ነው።

ከቅጠል ዘይት ማውጣት ለዚህ አገር ሴቶች እንግዳ ጥበብ አይደለም። አረቄ የምታወጣ ሴት ማሰሮውን በእሳት ላይ ጥዳ፥ እንፋሎቱን በመቃ አሳልፋ፥ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ትቀበለዋለች። የሽታ ዘይትም በዚህ ዐይነት ይነጠራል፤ የውሃ እንፋሎት በቅጠሉ መካከል ሲያልፍ ዘይቱን ይዞት ይሄዳል፥ ሲቀዘቅዝም አብዛኛው ዘይት ከውሃው በላይ ይንሳፈፋል። ይሁን እንጂ ትርፉን አብዝቶ መናገር አይገባም። ከ100 ኪሎ ደረቅ ቅጠል የሚወጣው ዘይት ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ያህል ነው። ስለዚህ ማንጠሪያ ከመግዛት በፊት ገዥ መፈለግ ይገባል፤ ገዥ እስኪገኝም በጥላ ደርቆ በንጽሕና የታሸገ ኮሰረትና ጦስኝ በራሱ የሚሸጥ ዕቃ ነው። ቅጠሉ በፀሐይ ላይ ሲሰጣ ዘይቱ ተንኖ ይጠፋል፤ ገለባ ብቻ ይቀራል።

ከዚህ በላይ የተነገረው ወደ ሥራ ይለወጥ ዘንድ ሹማምንትና ባለ ይዞታዎች የሚከተለውን ቢያደርጉ ይበጃል።

አንደኛ፥ የሐሺሽ ዘር ይዞ ውል ልዋዋል የሚል ሰው ወደ ወረዳ ሲመጣ፥ ሥልጣን ካለው መሥሪያ ቤት የተሰጠውን የጽሑፍ ፈቃድ እንዲያሳይ መጠየቅ፤ ከሌለውም ገበሬው ሳይዘራ ሕጉን በቀበሌ ስብሰባ በግልጽ ማስረዳት ነው። ከመከር በኋላ ገበሬን ከማሰር ከዘር በፊት ማስጠንቀቅ ይሻላል። በየቆሻሻው የሚበቅለው አስተናግር መርዝ ያለበት ሌላ ተክል ስለ ሆነ ከሐሺሽ ጋራ እንዳይምታታ በዚያው ማሳየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፥ ጦስኝ ከነሥሩ እንዳይነቀል በየቀበሌው ስምምነት ማድረግ ነው። በማጭድ ከእንጨታማው ግርጌ በላይ የታጨደ ጦስኝ ተመልሶ ያቈጠቍጣል፤ የተነቀለው ግን ራሱም ይጠፋል፥ ይዞት የነበረውንም አፈር ለጎርፍ አሳልፎ ይሰጣል። የተራራው አፈር ከጠፋ በታች ያለው የጤፍና የስንዴ እርሻ አብሮ ይጠፋል።

ሦስተኛ፥ በየወረዳው ባሉት የችግኝ ጣቢያዎች ከዛፍ ችግኝ አጠገብ ለኮሰረት፥ ለጦስኝና ለዳማከሴ መደብ መስጠት ነው። ኮሰረት በቅርንጫፉ ቍራጭ፥ በሶብላ በዘሩ ይራባል። በእርከን ዳር ሲተከሉ የእህሉን መሬት አያጠቡም። ባሕር ዛፍ በሚቈረጥበት ጊዜም ቅጠሉ ለዘይት ቢፈለግ፥ ቅጠሉ ለሴቶች የእንጀራ መጋገሪያ ማገዶ መሆኑን ማሰብ ይገባል፤ ዘይቱ ከወጣለት በኋላ ደርቆ ለማገዶ እንዲመለስላቸው በውሉ ውስጥ መጻፍ አለበት።

አራተኛ፥ ስለ ዘርና ስለ ማንጠር የወንዶ ገነት የእርሻ ምርምር ማእከል በሽታ ሰጪና በመድኃኒት ዕፅዋት የቆየ ልምድ ስላለው ምክሩን መጠየቅ፤ በቅርብም የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ መምህራን የየቀበሌውን ዘይት እንዲመረምሩ ማመልከት ነው። አንድ ዐይነት ተክል በተለያየ ስፍራ የተለያየ ዘይት ስለሚሰጥ፥ ያልተመረመረ ዘይት ጥሩ ዋጋ አያገኝም።

አምስተኛ፥ ሽታ ያለው ሁሉ ይፈውሳል እያሉ በገበያ የሚያታልሉትን መከልከል ነው። ጤና አዳም በቡናና በእርጎ መልካም ነው፤ ነገር ግን እርጉዝ ሴት አብዝታ ብትወስደው ጽንሷን ሊጎዳ ይችላል፥ ጭማቂውም ገላን ነክቶ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል። የባሕር ዛፍ ዘይት ለመታጠን ቢሆን እንጂ ሕፃን ከጠጣው መርዝ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው በጦስኝ ሻይና በዳማከሴ ተመክቶ ከሐኪም ቤት ቢቀር፥ የሽታው ምስጋና ለሞቱ ምክንያት ይሆናል። መድኃኒት ብሎ ለመሸጥ የሚፈልግ ሁሉ በአዋጅ ቍጥር 1112/2011 መሠረት የምግብና የመድኃኒት ባለ ሥልጣንን ማስመርመር ግዴታው ነው።

በመጨረሻም እንዲህ ማለት ይቻላል። የውጭ ሊቃውንት ስለ ሐሺሽ መዓዛ የሚያደርጉት ምርመራ የሚነቀፍ ሳይሆን የሚመሰገን ነው፤ ሽታ ከንቱ ነገር አለመሆኑን፥ በመጠን ሲለካም ለሰው ሊጠቅም እንደሚችል አሳይቷል። ነገር ግን ይህ ትምህርት የጎጃምን ሰው ወደ ሐሺሽ ሳይሆን ወደ ገዛ ጓሮው ሊመልሰው ይገባል። ፈረንጅ በላቦራቶሪ የሚፈልገውን ሊናሎል ባልቴቷ በቅቤ ማሰሮዋ ውስጥ ይዛዋለች፤ የጎደላት ችግኝ፥ ልክና ገዥ ነው። ችግኙን የችግኝ ጣቢያ፥ ልኩን የምርምር ቤት፥ ገዥውን ደግሞ የወረዳ ሹም ድካም ሊያገኝላት ይችላል። ይህን ሳያደርግ ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ሹም፥ ጦስኙ ከተራራው፥ ዕጣኑም ከሸለቆው ካለቀ በኋላ በአገሩ ምን እንደ ነበረ ከውጭ ሊቃውንት መጽሐፍ ያነባል።